ስምዎ በተነሳ ጊዜ

አሰላ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህር ሁሴኖ
ጎበሳ

ሰላምታ ላስቀድም ብዬ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። ስለዚህ ጥፋቴን አስቀድማለሁ፣ ሰላምታው ከኋላ ይድረስ። ስምዎ በተነሳ ጊዜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከራሴ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ከሆነ ሳምንታት ስላለፉት ግን ቀደምኩ ማለቱም ያሳፍራል።

እንዳልደውል ጆሮዎ ስልክ እንደማይሰማ ልጅዎ ፈይሩዛ ነግራኛለች። "አባባ ስልክ ላይ እሺ እሺ ይላል እንጂ አንዱንም አይሰማም" አለችኝ። ይህን ነገር ነግሬዎት እሺ እሺ እንዲሉኝ አልፈልግም። ደብዳቤውን ወደ ጎበሳ በሚመላለሰው በኢርሻድ አውቶቡስ ልኬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠራንበት ኮሌጅ በጡረታ ያሰናበታቸውን መምህራን ሊያከብር ተነሥቷል። ካባ ይለብሳሉ፣ ፎቷቸው ይሰቀላል፣ ምስክርነት ይነገርላቸዋል፣ ሕዝብ ይጋበዛል። ለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጌትነት የሚባል ልጅ ነው፤ ልጅ የምለው እኔ አርጅቼ ነው እንጂ እሱስ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኗል። እኔንም "ጡረተኛ ሠራተኞችን ይወክሉ" ብለው አስገቡኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሾፌር ከዶክተሮች ጋር ተቀምጦ የማንን ስም ሊመዝን? ግን ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት፣ እሱንም አልደብቅዎም። ሸሚዜን አስተኩሼ ሄድኩ።

ስሞች ይነበባሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አብሮት የሠራ አንድ ሁለት ቃል ይናገርና ይጸድቃል። የእርስዎ ስም ሲደርስ ጌትነት ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሽ ገብሬ፣ መምህር ሁሴኖን ከነተማሪዎቻቸው በየእርሻው ይዘው የዞሩት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?"

ፊት ለፊቴ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ክዳኑን ፈታሁት። መልሼ አጠበቅሁት። እንደገና ፈታሁት።

ጌትነት ትንሽ ጠበቀና "ገባኝ፣ ጋሼ" አለ። ምኑ እንደገባው እንጃለት! እስክሪብቶውን አንሥቶ ስምዎን ሰረዘው። ለምን ያለ ሰው የለም። በእኛ አገር ሽማግሌ ስለ ሰው ተጠይቆ ዝም ካለ፣ ክፉ ያውቃል፣ ለሰውየው ሲል ግን ይሸፍናል ማለት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። እያወቅሁ ነው ክዳን ስፈታና ሳጠብቅ የነበርኩት። አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣኝ ወጣሁ ብዬ ደግሞ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ራሴን ሳመሰግን ሄድኩ። ሰው ለራሱ እንዲህ ዳኛ ሲሆን አይተው ያውቃሉ?

የባሰውን ልንገርዎ። የዕለቱን ምርቃት እንደ አገሩ ወግ አንድ ከእስላም፣ አንድ ከክርስቲያን ይስጥ ተብሎ ሐጂ ሀሰኖና እኔ ተመረጥን። ቂም የያዘ አፍ መርቆ ምን ሊያበረክት ነው? ጠዋት አባታችን ሆይ ስል ይቅርታው ጋ ስደርስ ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ። ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ የሺሃረግ ብትኖር "ማንን ለማታለል ነው የምትሮጠው?" ትለኝ ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ አይጠይቁኝ። እሱን ለመጻፍ ገና አልደፈርኩም።

ሰላምታዬ ይኸው፣ እዚህ መጨረሻ ላይ።

ገብረ መድህን


ጎበሳ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረ መድህን

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአረፋ ማግስት ነው። እንግዳ ተቀብለን ስንሸኝ ቆይተን ኢርሻድ ይዞልኝ ገባ። የበዓል መልካም ምኞት ይሆናል ብዬ ከፈትኩት፤ ስለ ጠርሙስ ክዳን ሆኖ አገኘሁት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ያው ክዳኑ ነው።

እንዲህ ያለ ዝግጅት መኖሩንም አላውቅም ነበር። ካባ አልፈልግም። ሰውን መድረክ ላይ ገትሮ እንደ ሻማ ቀለጠልን እያሉ ሲያነቡለት መስማት እኔን ያሳክከኛል። አልቀለጥኩም፤ ደመወዝ እየበላሁ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ስሜ መሰረዙን በሰላም ብሰማው ኖሮ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር።

በሰላም አልሰማሁትም። ወሬው ከእርስዎ ደብዳቤ ቀድሞ ጎበሳ ገብቷል። ልጄ ፈይሩዛ የመድኃኒት ሱቅ እንዳላት ያውቃሉ። በገበያ ቀን አንዲት ደንበኛ ሰው በሞላበት፣ "አባትሽን ኮሌጁ የሰረዘው በማዳበሪያው ነው አሉ፣ እውነት ነው?" አለቻት። የምን ማዳበሪያ? ለሙከራ እርሻችን የመጣውን አውጥቼ ሸጥኩ አሉ። ሌላዋ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ስለ ሴት ተማሪ ጠየቀቻት። ልጄ ሱቁን ዘግታ መጥታ ያንን ጥያቄ ለእኔ ስትደግምልኝ፣ ስለማልሰማ እየጮኸች ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። "አባባ፣ አንድ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ!" ትላለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስፈትን ኖሬ በልጄ ተፈተንኩ።

እርስዎ ደግሞ "ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ" ብለው ይጽፉልኛል። እጠይቃለሁ እንጂ! ስሜን ቀብረው ሲያበቁ ለቀስተኛው ዝም ይበል ይላሉ? ከእኔ ጋር ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የመኪናውን በር ሲከፍቱልኝ እንደምን አደሩ ብለውኛል፣ ሲዘጉት ደህና ይዋሉ ብለውኛል። በዚህ መሃል ምን አደረግኩዎት?

ሌላውን ሁሉ ይተዉና ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ሲደፍሩ አይደለም፤ ኢርሻድ ሲመለስ።

ሁሴኖ


አሰላ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር መምህር

አረፋውን ሳልጠቅስ ያለፍኩት ከድንጋጤ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን እንኳን አደረሰዎ። ከደብዳቤው በኋላ የላኳት ትንሽ ወረቀትም ደርሳኛለች። ኢርሻድ አስቀድሞ እሷን ስለሰጠኝ፣ ስለ ምን እንደተቆጡ ሳይገባኝ እኔም ግማሽ ቀን ተቆጥቼ ዋልኩ።

በወረቀቷ ፈይሩዛ መጥታ ኮሚቴውን ታናግር ወይ ላሉኝ፣ እባክዎ አትምጣ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ምን እንደሚጠብቃት ልንገርዎ።

ጌትነት ቢሮ ገባሁና ስለ መምህር ሁሴኖ መናገር እፈልጋለሁ አልኩት።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አልተቃወሙም" አለኝ። "ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ክፉ ነገር አልተጻፈም።"

"ታዲያ ለምን ሰረዝካቸው?"

"ዝም ስላሉ!"

"ይኸው ተናገርኩ። ሰውየው ንጹሕ ናቸው።"

"አሁንማ አጀንዳው ተዘግቷል። ባነሩም ታትሟል።"

"ባነር ነው የሚያስጨንቅህ?"

ከመቀመጫው ተነሣና እንደ ሕመምተኛ ትከሻዬን ያዘኝ። "ጋሼ፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። የሰው ገመና መሸፈንዎ ለእኛ ለወጣቶቹ ትምህርት ነው" አለኝ።

"የምሸፍነው የለም! ምንም የለም!"

"ገባኝ፣ ጋሼ።"

ገባኝ ይለኛል! ይህን ቃል ከሱ አፍ ሁለተኛ ብሰማ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከቢሮው ስወጣ የተመስጋኝነቴ ወሬ ቀድሞኝ ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዱ ጎረቤቴ እጄን ጨብጦ፣ "እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፣ አሁንም እየተከላከሉላቸው ነው አሉ" አለኝ። ንጹሕ ናቸው ባልኩ ቁጥር እኔ ደግ ሰው እሆናለሁ፣ እርስዎ ደግሞ የበለጠ ይቆሽሻሉ። ዝም ስል አመኑኝ፤ ስናገር ማን ይመነኝ? እንዲህ ያለ ወጥመድ በገዛ እጄ ሠርቼ ገባሁበት።

ሐጂ ሀሰኖም ቤት ሄጄ ምርቃቱን ብቻዎን ይስጡ ብዬ ለመንኳቸው።

"አንተስ ምን ሆንክ?" አሉኝ።

"ጉሮሮዬን አሞኛል።"

"ዝግጅቱ በሐምሌ ነው፣ ገብሬ። የሚያምህ ጉሮሮ ነው ወይስ ሌላ?"

እሳቸውንም ዋሽቼ ወጣሁ።

አሁን ጥያቄዎን ልመልስ። በሚሊኒየሙ ዓመት ልጄ ይበልጣል እርስዎ ጋ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። በእርስዎ ትምህርት ጣሉት። በሱ ምክንያት ተሰናበተ። የሺሃረግ ነጠላዋን አደግድጋ ሁለት ሽማግሌ ይዛ ቤትዎ መጣች። ምን እንደተባባላችሁ አልነገረችኝም፤ "አይሆንም አሉ" ብቻ ብላ ምድጃዋ ጋ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ያኔ እዚህ አሰላ በነበረው ቤትዎ በር ላለማለፍ በታችኛው መንገድ፣ በጭቃው በኩል ነበር ገበያ የምትወርደው። እግሯን እያመማት። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን በር ከፍቼ እንደምን አደሩ እልዎታለሁ። ልብ ብለው ከሆነ ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለውኝ አሜን ብዬዎት አላውቅም። እርስዎ ልብ አላሉም። ያ ደግሞ የበለጠ ያበሳጨኝ ነበር።

ይኸው ነው። ጠርሙሱ ፊት የተቀመጠው ይህ ሰው ነው።

ገብረ መድህን


ጎበሳ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረ መድህን

አሜን አለማለትዎን ልብ ብያለሁ። ያኔም ገብቶኛል።

ስለ ልጅዎ ውጤት የምጨምረው የለኝም። የሰጠሁት የተገባውን ነው። ከዚያ ያለፈውን ለሰው ቃል ገብቼበታለሁ፤ ቃሌን ለእርስዎም ለልጄም ብዬ አልሽረውም። ፈይሩዛ ደብዳቤዎን አንብባ "እና ምንድን ነው ያደረግከው?" ብላ ተቀምጣ ጠየቀችኝ። እሷንም እንዲሁ መለስኳት። ተነሥታ ወጣች። ሱቁን አከራይታ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ሰው እያነጋገረች ነው። ያስተማርኳት ልጅ ከአባቴ ጎን ልሁን ብላ ጎበሳ የከፈተችው ሱቅ ነው።

ወይዘሮ የሺሃረግ ቤቴ የመጣችበትን ቀን አልረሳሁትም። የቀረበላትን ሻይ ሳትነካው ተነሣች። በሩ ላይ ዞር ብላ "እርስዎም ልጅ አለዎት" አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ እንደ ማስታወስ ነው ያለችው። ሰሞኑን ልጄን ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ላነሣው አልፈልግም ነበር፤ እርስዎ ነዎት ያስነሡኝ።

ኮሌጁ ድረስ ሄደው መለመንዎን ያቁሙ። ካባ ይዘውልኝም እንዳይመጡ። ሽማግሌም እንዳይልኩ። እርስዎ ሰው አክባሪ ነዎት፤ እኔን የፈጀኝም ይኸው አክባሪነትዎ ነው። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ኖሮ በዚያው ቀን እንጨርሰው ነበር።

ልጅዎን ይጠይቁ። የምለው ይህን ብቻ ነው።

ሁሴኖ


አሰላ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር

አዎ፣ ጠየቅሁት። ለምን እንደዘገየሁ የሚያስረዳ ሰበብ የለኝም፤ ከጠየቅሁት በኋላ ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ይበልጣል አዳማ ጎሚስታ እንደከፈተ ያውቃሉ። ሳልደውል ሄድኩ። የጭነት መኪና ጎማ አውርዶ ሲታገል ደረስኩ።

"አባዬ! ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። መምህር ሁሴኖ ለምን ጣሉህ?"

እጁ ላይ የነበረውን ብረት አስቀመጠው። ልጆቹን ሻይ ጠጡ ብሎ አሰናበታቸው። ከዚያ ጎማው ላይ ተቀመጠ፤ እኔንም ሌላ ጎማ ላይ አስቀመጠኝ።

ፈተናውን አልተፈተነም። በዚያ ጠዋት በቆጂ አንድ ክለብ ሯጭ ሊመርጥ መጥቶ ነበርና እዚያ ሄዷል። ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ከዚያ እርስዎ ጋ መጥቶ ለእናቴ አይንገሩብኝ ብሎ እግርዎ ላይ ወደቀ። እርስዎም "እኔ አልነግራቸውም፤ አንተ ራስህ ንገራቸው፣ እኔ ማካካሻ እንድትፈተን አስፈቅድልሃለሁ" አሉት። እሱ አልነገረንም። ማካካሻውም ቀረ። እናቱ ሽማግሌ ይዛ ስትመጣም እርስዎ ቃልዎን ጠብቀው አይሆንም ብቻ አሏት፤ እሱ በዚያ ሰዓት ጓዳችን ውስጥ ተኝቻለሁ ብሎ ተሸፋፍኖ ነበር።

ጎማ አንሥቼ ልወረውርበት ፈለግሁ፤ ጉልበት ከየት ይምጣ!

"ይህን ሁሉ ዓመት?" አልኩት።

"መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ እማዬ ታመመች። እሷ ከሞተች በኋላ ለማን ልናገር?"

"እኔስ? እኔ ሞቻለሁ?"

"አንተ እኮ ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ አባዬ። ዝም ነው ያልከኝ። ሩጫውንም ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ጫማዬን ወስደህ ለሰው ሰጠኸው እንጂ አልጠየቅከኝም።"

ጫማውን መስጠቴ እውነት ነው። ዲፕሎማህን ያዝ፣ ሩጫ ሌላ ጊዜ ይደርሳል ብዬ ነው። ተደብቆ የሄደው ስለከለከልኩት ነው እንግዲህ። ከአዳማ ስመለስ መስኮት ስር ተቀምጬ አንድ ነገር ሳጣራ መጣሁ፦ እርስዎ ነዎት ያጠፉት ብሎ ማመን ለምን እንዲህ ቀለለኝ? ጎረቤት ሆነን፣ ልቅሶና ሠርግ ተጠራርተን የኖርን ሰዎች ነን። ግን የሺሃረግ ባዶ እጇን በተመለሰች ቀን፣ መምህሩ የእኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ይጨክኑ ነበር ወይ የሚል ሐሳብ በልቤ አልፏል። አፌ ላይ አልደረሰም፤ ግን ገብቶ ተቀምጧል፣ አላስወጣሁትም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ለእርስዎ ጻፍኩት። ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ። ቅር ይበልዎ፤ ይገባኛል።

ይበልጣል ልጻፍላቸው ወይ ብሎኛል። የራስህን አንተ ጻፍ፣ የእኔን እኔ እሠራለሁ አልኩት። የሱን ነገር በሰው ፊት ላነሣው እችል እንደሆነ ጠየቅሁት። የልጄን ፈቃድ ስጠይቅ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። "ተናገረው፣ አባዬ፣ አሁን እኮ እኔም ልጆች አሉኝ" አለኝ።

ጌትነት ጋ ደግሜ አልሄድኩም። ፕሮግራሙን ልኮልኛል፤ "ምርቃት፣ ከአባቶች" ይላል። ምን እንደማደርግ እርስዎን ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። ይኼንንም እርስዎ ላይ ልጭን?

ገብረ መድህን


አሰላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር ሁሴኖ

ዝግጅቱ ሳያልፍ እንዳይጽፉልኝ ብለው በኢርሻድ ስለላኩብኝ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ትናንት አለፈ። ኢርሻድ አዳራሽ ውስጥ ስለነበር ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ነግሮዎት ይሆናል፤ እሱ ግን እንደሚያጣፍጥ ያውቃሉ፣ ስለዚህ እንደሆነው ከእኔ ያንብቡት።

ጌትነት ቀኑን የሰኔ ጾም በሚፈታበት ቀን ያደረገው ሁሉም ሥጋ እንዲበላ ነው፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ ታርዶ፣ ድንኳኑ ሁለት ሆኖ ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚጨነቅ ልጅ ለሰው ስም አጀንዳው ተዘግቷል ይላል! ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ። ካባ የለበሱት መምህራን ከፊት ተደርድረዋል፤ ቀናቸውን እንዳላበላሽባቸው እሱም አስጨንቆኛል። ሻማውም አልቀረም፤ ሦስት ሰው እንደ ሻማ ቀለጡ አላቸው። አንዱ መምህር እያንቀላፉ ነበር።

ምርቃት ሲባል ሐጂ ሀሰኖና እኔ ወጣን። ሐጂ "ቅደም" አሉኝ። ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ።

"ከመመረቄ በፊት የምናገረው አለኝ" አልኩ። "መምህር ሁሴኖን ኮሌጁ ሊያከብራቸው ነበር። ያሰረዝኳቸው እኔ ነኝ።"

ይህን እንዳልኩ መብራት ጠፋ።

እስቲ ያስቡት። ሦስት መቶ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያሰረዝኳቸው እኔ ነኝ የሚለውን ብቻ ሰምቷል። "ሊናገረው ነው፣ የሠሩትን ሊናገረው ነው!" ሲሉ ይሰማኛል። ጌትነት በጆሮዬ "ጋሼ፣ ይበቃል፣ በዚሁ ይብቃ" ይለኛል። በዚሁ ቢበቃ ኖሮ እኮ ገደልኩዎት! እጁን አስለቅቄ ያለ ማጉያ ጀመርኩ። ሁለት ቃል ሳልል ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ከግድግዳው ጀርባ ነው ያቆሙት። ዝናቡ ከላይ፣ ጄኔሬተሩ ከጎን። ጮኽኩ።

"አልሰማንም!" አሉ ከኋላ።

ሐጂ ሀሰኖ ክንዴን ይዘው "ጩህ እንጂ፣ ገብሬ! ጉሮሮህ ዛሬ ነው የሚያስፈልገው!" አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሊያስቀኝ ነበር፣ እንባዬ ግን ቀደመኝ።

ሕይወቴን ሙሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የተናገርኩ ሰው፣ ኃጢአቴን በጩኸት ተናገርኩ። "ስለሳቸው ተጠይቄ ዝም አልኩ! ክፉ የማውቅባቸው መስሏችኋል! የማውቅባቸው የለም! ማዳበሪያ የለም! ሴት ተማሪ የለችም! ልጄ ፈተናውን ትቶ ሄዶ ወደቀ፣ እሳቸው ገመናውን ሸፈኑለት፣ እኔ ቂም ያዝኩባቸው! ሽፋን አይደለም፣ ደግነትም አይደለም! ደግ ሰው ነው የምትሉኝ ተዉ!"

ከኋላ የተቀመጡት ከሽርካ በኩል የመጡ ገበሬዎች እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ አማርኛዬ በጩኸቱ ተበላሽቶ አልገባቸውም። ሐጂ ሊተረጉሙልኝ አፋቸውን ከፈቱ። "አይ፣ ሐጂ፣ እኔው" አልኩ። ኦሮምኛዬን ያውቁታል፤ በየመንገዱ ሲስቁበት ኖረዋል። በዚያው በተሰባበረው፣ "ሁሴኖን ነመ ቁልቁሉዳ! አኒቱ በሌሴ!" አልኳቸው። ንጹሕ ሰው ናቸው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው "ደጌኜ!" ብለው፣ ሰምተናል ማለታቸው ነው፣ ተቀመጡ። ማንም ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

መብራቱ መጣ። ጌትነት ላቡን እየጠረገ "እሺ፣ አሁን ወደ ምርቃቱ..." አለ። ገባኝ አላለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሐጂም "በል መርቅ፣ አፍህ ተከፍቶልሃል" አሉኝ።

ማጉያውን ለሳቸው ሰጠኋቸው። የበደልኩት ሰው ጎበሳ ነው ያለው፣ ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እሱ ሳይለኝ አልመርቅም አልኳቸው። ከመድረኩ ወርጄ ከኢርሻድ አጠገብ ክፍት ቦታ አገኘሁ። ሐጂ ብቻቸውን መረቁ። የመምህራኑን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ መረቁ፤ ባነሩ ላይ ከሌለው ስም ሲደርሱም አልዘለሉትም። እኔም መዳፌን ዘርግቼ፣ ለእርስዎ ስም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።

ገብረ መድህን